የሸክላ ዳክዬዎቹ

ሰውየውን መንገድ ላይ የሚያውቁት ሁሉ «ሻንጣው» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ በግራና በቀኝ አንጠልጥሎ በሩ አላሳልፍ ሲለው አይታ፣ «ሻንጣው ገብቷል፤ ሰውየው ከኋላ እየመጣ ነው» ብላ ቀለደችበት። ቀልዱ ተረሳ፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈ ቀረ።

በሻንጣዎቹ ውስጥ ያለው የስጦታ ዕቃ ናሙና ነው፤ የፎቶ ፍሬም፣ የቁልፍ መያዣ፣ ሲከፈት ሙዚቃ የሚያሰማ ሣጥን፣ ጥሩ መዓዛ ያለው ሻማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንገቷን ያጎነበሰች ነጭ የሸክላ ዳክዬ። ፋብሪካ ያመርታል፣ ሱቅ ይሸጣል፤ እሱ በመሃል ከከተማ ከተማ እየዞረ ናሙናውን ያሳያል፣ ትዕዛዝ ይጽፋል፣ ኮሚሽኑን ያገኛል። ደሞዝ የለው፣ አለቃ የለው። ሲጠይቁት «የራሴ ጌታ ነኝ» ይላል። የራሱ ጌታ የሆነ ሰው ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው እንደሌለ ግን አይናገርም። ትዳርም ሞክሮ ነበር። ሚስቱ «እኔ ባል እንጂ የመንገድ ካርታ አላገባሁም» ብላ በሦስተኛው ዓመት ተለየችው፤ እውነቷን ነበር፣ እሱም አልተሟገተም።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ መጨረሻው ሱቅ የሚወስደውን የአምስት ሰዓት መንገድ ብቻውን እየነዳ፣ የጻፋቸውን ትዕዛዞች ደጋግሞ ይደምር ነበር። ድሮ አምስት ፋብሪካ ይወክል ነበር። ሱቆቹ በስልክ ማዘዝ ሲለምዱ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ «እናመሰግናለን» እያሉ አሰናበቱት። የቀረው ባለ ዳክዬው ብቻ ነው። እሱም በዚህ ወር ደብዳቤ ላከበት፤ የዘንድሮ ትዕዛዝ የተቆረጠለትን ቁጥር ካልሞላ ውክልናው ያበቃል ይላል። ሻንጣው ያሉትን ሱቆች ሁሉ አዳርሶ ጨርሷል፤ አልሞላም። የቀሩት እትዬ ናቸው።

እትዬ መንገዱ የሚያልቅበት ትንሽ ከተማ ውስጥ የስጦታ ሱቅ ያላቸው፣ ሰባውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በዓመት ሁለቴ ይሄድባቸዋል፤ አንድም ጊዜ አሳፍረውት አያውቁም። ባንኮኒው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፣ ሻይ ያፈላሉ፣ ግማሽ ቀን ያወራሉ። ናሙናውን ገና ከሻንጣው ሳያወጣ «አንተ የወደድከውን ጻፍ» ብለው የትዕዛዝ ፎርሙ ላይ ይፈርማሉ። እሱም ዳክዬ ይጽፋል፤ ካርቶን በካርቶን ላይ። ለሌሎቹ ባለሱቆች «እትዬ ዘንድ ዳክዬ ውሎ አያድርም» እያለ ይፎክር ነበር። ለፋብሪካውም ይህንኑ ጽፎ፣ ፋብሪካው በሱ ቃል ተማምኖ ዳክዬውን በሦስት መጠን ማምረት ጀምሯል።

ሲደርስ እትዬ ጉልበታቸውን በፋሻ አስረው ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል። ፎርሙን ገና ከማውጣቱ ተቀብለው ፈረሙለት። ልቡ መለስ አለ። ሻዩን አንዴ ፉት እንዳለ አንዲት ወፍራም ሴት ገብታ ለልጇ የፎቶ ፍሬም መረጠች።

«ይሄ ሰውዬ ማነው እማማ?» አለች ሻንጣዎቹን እያየች።

«ወኪሉ ነው» አሉ እትዬ። «መጠቅለያ ወረቀቱ አልቆብኛል፤ እንዲሁ በፌስታል ላድርግልሽ?»

«ኧረ ስጦታ እኮ ነው!»

ሻንጣው ተነሳ። «ከጓዳ እኔ አመጣለሁ፤ እርስዎ በዚህ እግርዎ አይነሱም።»

«ተው! ቁጭ በል አንተ!» አሉ እትዬ። ለእንግዳ ወግ ያሉት መስሎት እየሳቀ የጓዳውን በር ገፋ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያን በር አልፎ አያውቅም ነበር።

መብራቱን ሲያበራ ክው አለ።

ካርቶኖቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። በመሃል አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት መንገድ ብቻ ቀርታለች። ፕላስተራቸው አልተቀደደም። በየካርቶኑ ላይ የትዕዛዙ ቅጂ ተለጥፏል፤ ጽሑፉ የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። ያምና፣ የታች አምና፣ የዛሬ አምስት ዓመት፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ቀለሙ እየደበዘዘ፣ ቀኑ እየራቀ ሄደ። ከታች ክብደት የተጫነው አንድ ካርቶን ጎኑ ተቀድዶ፣ የዳክዬ አንገት በአቧራው መሃል ወጥቶ ይታያል። ከሁሉም የቆየው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። የፎከረበት ሁሉ፣ ፋብሪካው የተማመነበት ሁሉ፣ እዚህ ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ፍሬሙን ራሱ ጠቀለለው፣ ሪባኑን አሰረ፣ ሴትዮዋ አመስግና ሄደች። እትዬ ቀና ብለው አላዩትም።

«አየኸው» አሉ።

«አየሁት። ለምን እትዬ? እንቢ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

እትዬ የሻዩን ማንኪያ አዙረው መለሱት።

«ባለቤቴ የሞተ ሰሞን፣ ሊያጽናናኝ የመጣው ሰው ሁሉ በሳምንቱ ወደየቤቱ ገባ። ይፈረድበታል? የራሱ ኑሮ አለው። አንተ በወሩ መጣህ። እዚህችው በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ግማሽ ቀን ስለሱ ሳወራ አዳመጥከኝ። ልትሄድ ስትነሳ ፈራሁ። ‹ምንም ወደማይገዛ ሱቅ ነጋዴ ተመልሶ ይመጣል እንዴ?› አልኩ። አዘዝኩ። ከዚያ ወዲያማ ለመደብኝ።» አሁን ቀና ብለው አዩት። «ባላዝ ኖሮ ትመጣ ነበር?»

ሻንጣው የኖረው በምላሱ ነው። «ምን ማለትዎ ነው እትዬ፣ እርስዎን ትቼ!» ማለት ለሱ ከመተንፈስ አይከብድም። ቃሉ አፉ ድረስ መጣ። ግን እትዬ ያሉት ያ ቀን ትዝ አለው። መኪናው ውሃ አፍልታ ጋራዥ ገብታ ነበር፤ መሄጃ ስላልነበረው ነው የተቀመጠው።

«አልመጣም ነበር» አለ። «ያን ቀን እንኳ የተቀመጥኩት መኪናዬ ስለተበላሸች ነው።»

እትዬ አልደነገጡም። «አውቃለሁ። መካኒኩ እዚህ በር ላይ ቆሞ ‹መኪናህ ተሠርታ አልቃለች› ብሎ ነገረህ እኮ። ከዚያ በኋላም ተቀምጠሃል። እስኪመሽ።»

ይህንን አያስታውስም። ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«በል ጻፍ» አሉ እትዬ ፎርሙን ወደሱ እየገፉ። «እንጀራህ ነው።»

እስክሪብቶውን አነሳ። ፊርማቸው ከታች ተቀምጧል፣ መስመሮቹ ባዶ ናቸው። እነዚያን መስመሮች ቢሞላ ውክልናው ይተርፋል። ባይሞላ መንገዱ ዛሬ፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ያልቃል። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ሌላ ቤትም የለውም፤ ከሆቴል ሆቴል ነው የኖረው።

«ቦታ አለኝ» አሉ እትዬ።

«የለዎትም እትዬ። አሁን አይቼ መጣሁ እኮ።»

ፎርሙን ለሁለት ቀደደው፤ ቁራጮቹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ተነሳ። እትዬ እስከ በሩ አልሸኙትም፤ ጉልበታቸው አላስነሳቸውም። «እንግዲህ ደህና ሁን» አሉት፤ አባባላቸው የሚመለስ ሰው የሚሰናበቱ አይመስልም።

ፋብሪካው ቃሉን ጠበቀ፤ ውክልናው አበቃ። ሻንጣው መኪናውን ሸጠ፣ አንድ ክፍል ተከራየ፣ ጧት ጧት መሄጃ እንደሌለው እያወቀ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማውን አሥሮ ይቀመጥ ነበር። ስድስተኛው ወር አልቆ ወደ እትዬ የሚሄድበት የድሮው ተራው ሲደርስ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሻንጣ አልያዘም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ወደ ኋላ ያጣምራቸዋል። ሱቁ ጋ ሲደርስ ደጁ ላይ ቆመ። ምን ብሎ ይገባል? ምን ሊሸጥላቸው? በመስኮቱ ሲያይ ዳክዬዎቹ ከጓዳ ወጥተው በሦስት መደርደሪያ ተሰልፈዋል፤ ከላያቸው «አንድ ለገዛ አንድ በነፃ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። እየተሸጡ ነው ማለት ነው። እሱ የመጣው ግን ለነሱ አልነበረም።

በሩን ገፋ። ያቺ ፍሬም የገዛችው ወፍራም ሴት ባንኮኒው ላይ ተደግፋለች። ዞር ብላ አየችውና «እማማ፣ ወኪሉ መጣ» አለች።

እትዬ ባዶ የሆኑትን እጆቹን አዩ። ከዚያ በኋላ ሻንጣ ፍለጋ አስፋልቱን አሻግረው አዩ። አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቷል።

«ወኪል አይደለም» አሉ። «እንግዳዬ ነው።»

ሻንጣው በርጩማዋን ራሱ ስቦ ተቀመጠ።