አንድ ዙር በግድቡ ዳር

አማቴ ኣቦይ ገብረዝጊ ብስክሌታቸውን ሳይዙ ከቤት አይወጡም። አይነዷትም፤ መሪውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ከጎናቸው ይገፏታል። ገበያ ሲወርዱም፣ ለቅሶ ሲደርሱም ያው ነው። በወጣትነታቸው ተወዳዳሪ ስለነበሩ የድሮ ፍቅር አልለቃቸው ብሎ ነው እያልኩ እስቅ ነበር። «ኣቦይ፣ ይቺን ብስክሌት መቼ ነው የሚድሯት?» ስላቸው፣ «አይቸግርም፤ ላንቺስ ባል ተገኝቶ የለ?» ይሉኛል። ባሌ ልጃቸው ነው።

የምንጣላው በዓይናቸው ነው። ሞራ ጋርዷቸዋል። ዓይደር ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አሲዤላቸው ሁለቱንም ጊዜ አመመኝ ብለው ቀሩ። ሦስተኛው ለሰኞ ነበር፤ ሐኪሙም ከዚህ በላይ መቆየቱ ጥሩ አይደለም ብሎኛል። እሳቸው ግን ቢላ ይፈራሉ። «ያለችኝን ብርሃን ይዘውብኝ ቢሄዱስ? እኔ እንደሆነ አያለሁ» ይላሉ። ባለቤቴ ሓፍቶም አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚሠራ እሑድም ቤት የለም፤ አባቱን ማሳመን በኔ ላይ ወደቀ። ከደብረ ብርሃን መጥቼ አሥራ አራት ዓመት መቀሌ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ስልሳ ተማሪ ጸጥ አሰኛለሁ፤ አንድ ሽማግሌ አቃተኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸውንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን ሳምራዊትን ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው ግድብ ሄድኩ። በውሃው ዙሪያ አዲስ የአስፋልት መሄጃ ተሠርቷል፤ ሜዳ ነው፣ መኪና አይገባበትም። ኣቦይ እዚህ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳምራዊት በትንሿ ብስክሌቷ ደወሏን እያቃጨለች ትቀድማለች፤ እኛ በእግራችን እንከተላለን።

«ዳክዬዎቹን አዩአቸው?» አልኳቸው።

«አየኋቸው። ያምራሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«ምነው ጓለይ፣ ዳክዬ ቆጣሪ አደረግሽኝ?» አሉኝ፤ ጓለይ ሲሉኝ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ የሰኞን ነገር አነሳሁ። ኣቦይ ቆሙ። «ስሚኝ» አሉ። «ይህን ግድብ በብሽክለታ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ዞሬ ከመጣሁ፣ ሐኪም የሚል ቃል ሁለተኛ ካፍሽ እንዳይወጣ።»

«ካልቻሉስ?»

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

ምላሴን በቆረጠው፣ እሺ አልኩ። ገና ሲነሡ ተንገዳግደው ይወርዳሉ ብዬ ነበር።

አልተንገዳገዱም። ወገባቸውን ጎንበስ አድርገው የሳምራዊትን ደወል ተከትለው ቀጥ ብለው ሄዱ። ያ ሰባ ሦስት ዓመት የት እንደገባ እንጃ። ነጠላዬን አጣፍቼ በሩጫም በእርምጃም ከኋላ ስከተል ኮራሁባቸው፤ ተናደድኩም። የሰኞ ነገር አበቃለት አልኩ።

ኣቦይ አንድ ሕግ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ፊት ተቀምጦ ማለፍ የለም። የበቅሎ ዘመን ሰዎች ይወርዱ እንደነበረው እሳቸውም ከብስክሌት ይወርዳሉ፣ ያማትባሉ፣ ገፍተው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ውድድር መሀል ወርደው አራተኛ እንደወጡ ሲያወሩ አንደኛ የወጡ ነው የሚመስሉት። ለሳምራዊትም መጀመሪያ ያስተማሯት መንዳትን ሳይሆን መውረድን ነው።

ከግድቡ ማዶ፣ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ርቃ፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ግድግዳዋ ነጭ ነው፤ ጉልላቷ ያብረቀርቃል። ሳምራዊት ስትደርስ ወረደችና አማተበች። ኣቦይ በአጠገቧ አለፉ። አልወረዱም፤ አንገታቸውን እንኳ ሰበር አላደረጉም።

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ቀጥሎ ነገሩ ተገለጠልኝ። ማርያምን አላዩአትም። ዳክዬዎቹንም አላዩም፤ እስካሁን የመራቸው የሳምራዊት ደወል ነው። ያቺን ብስክሌት ይህን ሁሉ ጊዜ የያዟት ለምርኩዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ስስቅባቸው ኖሬያለሁ።

ከፊታቸው መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ቀጥታው ውሃ ነው። «ኣቦይ፣ ይቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ፍሬን ያዙ።

ሮጬ ደርሼ መሪውን ጨበጥኩ። ፊታቸው በላብና በደስታ ወዝቷል። «ምን ሆንሽ? ገና መቼ ጨረስኩ? ልታጭበረብሪኝ ነው?» አሉኝ። መሪውን አልለቀቅኩላቸውም።

ሳምራዊት ብስክሌቷን እየገፋች አያቷ አጠገብ ደረሰች። «ኣባሓጎ፣ ለማርያም ለምን አልወረዱም?»

ሳቁ ቀስ እያለ ከኣቦይ ፊት ጠፋ። ከዚያ እግራቸውን አሻግረው ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«በየት በኩል ናት?» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

ትከሻቸውን ይዤ ወደ ማርያም አዞርኳቸው። ሦስቴ አማተቡ፤ ከንፈራቸው ብዙ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ እንደማያዩኝ ስለማውቅ ፊቴን አልሸፈንኩም።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው?»

«በሁለት ሰዓት።»

«በጊዜ ቀስቅሺኝ» አሉ።

የቀረውን መንገድ ብስክሌቷን እኔ ልግፋ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። «ተያት፣ እሷን ሳምራዊት ትያዝልኝ» አሉና ቀኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።