ቅል ውስጥ የቆየ አፈር

«አውሮፕላን አዲስ አበባ ምን ረስቶ ነው?» አለች ኸድራ፣ የሟቹ የሱለይማን እህት። ለወንድሟ ልጅ ለሙንታሲር የከርከዴ ሻይ በብርጭቆ አቀበለችው። «ጋምቤላ እዚህ። አሶሳ እዚህ። መሀሉ ምን አለ?»

ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈሩ።

ሙንታሲር አልሳቀም። ሥራው ጋምቤላ ነው። አባቱ ማረፉን ሲሰማ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ሁለቱን አየር ማረፊያዎች ለካ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። በአየር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው ብሎ «እስከ ዙህር ሶላት ጠብቁኝ» አላቸው። በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን እንደሌለ ያወቀው ትኬት ሲጠይቅ ነበር። ወደ አዲስ አበባ በረረ፤ እዚያ አደረ፤ አሶሳ በማግስቱ ገባ።

ዘመዶቹ ዙህርን ጠበቁ። የአስር ሶላትንም ጠበቁ። ከዚያ በላይ ሟችን ማቆየት አልሆነላቸውም። ቀበሩት።

«አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አላለበስኩትም» አለ ሙንታሲር። ከመጣ ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው።

«አላህ ያያል» አለች ኸድራ።

«አላህማ ያያል። እጄ ነው ባዶ የሆነው።»

ዳሱ ጥግ የተቀመጠው የሻው ይህን ሰምቶ ቀና አለ። የሻው የሟቹ ጎረቤት ነው፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣ ሠፋሪ። አሶሳ በገባ በሁለተኛው ክረምት የአባቱ መርዶ ደርሶት ነበር። አባትየው ከተቀበሩ ወራት አልፈው ነበር። የሻው ሥራ ፈቶ ማሳው ዳር ተቀመጠ። ያኔ ብዙም የማያውቀው ሱለይማን መጣና በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀው።

«አገር በየት?»

የሻው ወደ ፀሐይ መውጫ ጠቆመ። ሱለይማን ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነ፤ የየሻውን እጅ ከፍቶ መዳፉ ላይ አደረገለት።

«ወደዚያ በትን። አፈር ሁሉ አንድ።»

ለራሱም ዘግኖ አብሮት በተነ። ከዚያ ወደ ማሽላው ተመለሰ። ሱለይማን ይህን ለልጁ ለሙንታሲር እንኳ ነግሮት አያውቅም።

«ተነስ ልጄ» አለ የሻው። «መቃብሩ ድረስ እንሂድ።»

ሄዱ። ከመቃብሩ ራስጌ፣ ከእሾህ አጥር ሥር፣ በቅጠል የተሸፈነ ቅል ነበር። የሻው ቅጠሉን አነሳ። ቀይ አፈር ሞልቶበታል።

«ጉድጓዱ ሲደፈን ይህን አስቀረሁልህ። ያንተ ነው።»

ሙንታሲር ወደ ቅሉ ጎንበስ አለ። «ሰዉ ምን አለዎት?»

«ኢማሙ አይተው ዝም አሉ። ኸድራ ግን አብደሃል አለችኝ። ቅሉ የሷ ነው።»

ሙንታሲር ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ተንበረከከና አፈሩን በእጁ እየዘገነ አባቱን አለበሰ። ቅሉ ሊያልቅ ሲል ቀና አለ።

«ጋሽ የሻው፣ እርስዎስ አለበሱት?»

«ቅል ታቅፌ ቆሜ? በየቱ እጄ?»

«አላህ ይስጥልኝ» አለ ሙንታሲር። የቀረውን አፈር ዘገነ፤ የሽማግሌውን እጅ ከፍቶ መዳፉ ላይ አደረገለት።

የሻው እጁን ጨበጠ። ቶሎ አልበተነውም።