ከሦስተኛ ፎቅ የቀረ ሰው

የመጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ ልብስ ሰፊዋ የአንድ ዩኒፎርም ኮሌታ አጋምሳ ነበር። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች፣ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ተወችውና አጠገቧ አልጋ ላይ ወደተኙት አባቷ ዞረች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተይዟል።

"ልምምድ ነው፣ አባዬ" አለቻቸው። "የእውነት አይደለም።"

ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ በትራስ ከለለችና የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምዱን ያዘጋጁት ተማሪዎች እንዳስተማሯት ጠረጴዛው ስር ገባች። እዚያ የወዳደቀ ቁልፍና የክር ቁርጥራጭ አየች። መጥረግ አለብኝ ብላ አሰበች፤ ሌላ የመጣላት ሐሳብ የለም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት መሬቱ የእውነት ሲንቀጠቀጥ የሕንፃው ሰው እየተገፋፋ ደረጃውን ሲወርድ፣ እሷ የስፌት መኪናዋን በሁለት እጇ ይዛ እስኪያልፍ ጠብቃለች። ጎረቤት "ለአባቷ ብላ ነው" እያለ አደነቃት። እውነቱን ለመናገር ለማንም ብላ አልነበረም። መሮጥ ጨርሶ ትዝ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጓደኞቿን አሰባስባ ሕንፃውን ለሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ማዘጋጀት የጀመረችው። ገና ሁለተኛ ዓመት ብትሆንም ሰዉ "ኢንጂነሯ" ይላታል። የፈቀደላትን ሰው ሁሉ ቁምሳጥን ከግድግዳ ጋር በብሎን አሳሰረች፣ ደረጃው ላይ የተከመረውን አሮጌ ዕቃ አስነሳች። ምድር ቤት የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ "ማንሳት ከጀመራችሁ አይቀር አማቴንም አንሱልኝ" እያለ ሲያስቃቸው ከረመ።

ልብስ ሰፊዋ ዘንድም መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"እትዬ፣ አባባን የሚያወርዳቸው ማነው?"

"እኔ አለሁ።"

"ብቻዎን?"

"እስከ ዛሬስ ከማን ጋር ነበርኩ?"

ልጅቱ አልተከራከረቻትም። "ካልቻሉ ትተዋቸው ይውረዱ። ግቢ ውስጥ በየፎቁ ስንጠይቅ 'ሰው ቀርቷል' ይበሉን፣ ልጆች ወጥተው በብርድ ልብስ ተሸክመው ያወርዷቸዋል። ዋናው እሱን መናገር ነው።"

"እሺ" አለች ልብስ ሰፊዋ ክር እየበጠሰች። እሺ ማለት አይከብዳትም፤ እሺ ያሉት ሰው ቶሎ ይሄዳል።

አሁን ሁለተኛው ፊሽካ ተነፋ። መንቀጥቀጡ ቆሟል፣ ውጡ ማለት ነው። ከጠረጴዛው ስር ወጥታ ጉልበቷን አራገፈችና ወረደች።

ግቢው ሞቅ ብሏል። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ አንዷ ሴትዮ ድመቷን አቅፋ ወርዳለች። ልብስ ሰፊዋ የአትክልቱ ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የሰፋችውን ልታስረክብና ዳቦ ልትገዛ ካልሆነ ከቤት አትወጣም። ፀሐዩ እግሯ ላይ አረፈ፤ ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም።

የሚጠይቀው ከሌላ ሰፈር የመጣ ተማሪ ነበር። "ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል ያለው ቤት፣ የቀረ ሰው አለ?"

"የለም" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ማንም?"

"ማንም የለም።"

ልትዋሽ አስባ አይደለም። ወንድሟ በስልክ "ቤት ማን አለ?" ሲላት "ማንም፣ እኔ ብቻ" ማለት ከለመደች ቆይታለች፤ ያውም አባትየው አጠገቧ ተኝተው። ቃሉ ዛሬም እንደዚያው ወጣ።

ልጁ ሌሎቹን ፎቆች ጠይቆ ሲጨርስ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። "ሕንፃው ባዶ ነው!"

ሰዉ አጨበጨበ። "በሉ ሁላችንም ተርፈናል" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ልብስ ሰፊዋም ለማጨብጨብ እጇን አንስታ ነበር። ያኔ ነው የተናገረችው ነገር የገባት። ቀና ብላ የቤቷን መስኮት አየች። የደነገጠችው በአባቷ ብቻ አይደለም፤ ያንን ስትናገር ምንም ስላልተሰማት በራሷ ደነገጠች።

ሰዉ መበታተን ጀመረ። ዝም ብላ ብትወጣ ማንም አያውቅባትም። ደረጃው ድረስ ሄዳ መደገፊያውን ያዘች። ከዚያ ተመልሳ ኢንጂነሯ ፊት ቆመች።

"አባቴ እላይ ቤት ነው።"

"ምን አሉኝ እትዬ?"

"አባቴ ቀርቷል። ልጁ ጠይቆኛል፤ የለም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ፀጉር አስተካካዩ ለቀልድ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋ።

"ብቻዬን አላወርደውም" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አልጋው ጠርዝ ላይ ቀና ላድርገው ብዬ እንኳ ስንቴ አርፋለሁ። አለሁ ያልኩሽ እንዲሁ ነው።"

ልጅቱ አልተቆጣችም። ጓደኞቿን ዞር ብላ አየች። "ብርድ ልብሱን አምጡ። ልምምዱ አላለቀም።"

ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን ፈታ። "በራስጌው በኩል እኔ እይዛለሁ፤ ሳይታመሙ በፊት ስላጨው የኖርኩት ጭንቅላት ነው።"

"እርስዎም ይምጡ፣ እትዬ" አለች ኢንጂነሯ። "ቤቱን ያሳዩናል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀድማቸው ትሮጥ ነበር፤ መስኮት ልትከፍት፣ ባልዲውን ከአልጋው ስር ልትደብቅ፣ ስለ ሽታው ይቅርታ ልትጠይቅ። እስከ ዛሬ ሰው ቤቷ ያላስገባችው ለዚሁ ነው።

"በሩ አልተቆለፈም" አለች። "አንሶላውንም አልቀየርኩትም። እንዳለ አውርዱልኝ።"

እነሱ ደረጃውን ሲወጡ እሷ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች።