መነጽር የማያስወልቀው ሌንስ

አባቴ ሙሐና በመንደራችን ለአርባ ዓመት የረመዳን ጨረቃ ምስክር ነበር። እሱ «አየሁ» ካለ የሚጠራጠር አልነበረም። ዘንድሮ ግን «ኮረብታው ላይ አልወጣም» አለ። ዓይኑ ደክሟል፣ መነጽሩም የጠርሙስ ቂጥ ያህል ወፍሯል፤ ስለዚህ አፍሮ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንጀቴን በላኝ። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ቴሌስኮፕ ገዛሁለት። ቱቦው ደህና ነው፤ ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ ግን ጠፍቶበታል።

ሃያ ሪያል ይዤ ወደ ዋና ከተማችን መስከት ወረድኩ። ሙርሺድ የሚባለው ባለሱቅ ሁለት ምርጫ አቀረበልኝ፦ «ሦስት መቶ እጥፍ» የተጻፈበት፣ አምስት ትንንሽ ሌንሶች የያዘ ሳጥን፣ ወይም ባለ ሠላሳ ሁለት ሚሊሜትር አንድ ድብልብል ሌንስ። ዋጋቸው እኩል ነው። እጄ ወዲያው ወደ ሳጥኑ ሄደ። አምስት እያለ አንድ የሚገዛ ማን ሞኝ አለ?

«ማን ነው የሚያይበት?» አለኝ።

«አባቴ። የረመዳንን ጨረቃ።»

«መነጽር ያደርጋሉ?»

«ያለ መነጽር እኔንና በሩን አይለይም።»

«እንግዲያው ሳጥኑን ተይው እህቴ። የሌንሱ ሚሊሜትር ሲያንስ የበለጠ ያጎላል፣ እውነት ነው፤ የሚያሳይሽ ሰማይ ግን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። ቀጭን ጨረቃ በሱ ስትፈልጊ ትጠልቅብሻለች። ደግሞ ዓይን ካልተለጠፈበት አያሳይም፣ መነጽር ማውለቅ ግድ ነው። በዚህኛው ግን ራቅ ብለውም ያያሉ።»

«አያጎላማ!»

«ሃያ እጥፍ ማጉላቱ አነሰሽ? ሊያገቧት ነው እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝና ከፈልኩ።

ጨረቃዋ በምትጠበቅበት ቀን አባቴን መጀመሪያ በልመና፣ በኋላ በቁጣ ጎትቼ ኮረብታው ላይ አወጣሁት። ጎረቤታችን ጉስን የራሱን ቴሌስኮፕ ቀድሞ ተክሏል።

«ሃያ እጥፍ ብቻ? በዚህማ ከምታዪ በባዶ ዓይን ብታዪ ይሻልሻል! የኔ ሦስት መቶ ነው» አለ።

ፀሐይ ገባች። ጉስን ቱቦውን ወዲያ ወዲህ እያዞረ «ባዶ ሰማይ ነው» ይላል። እኔ ከተራራው ጫፍ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ሳስስ አገኘኋት። ከጥፍር ቁራጭ ትቀጥናለች።

«አባዬ ና! መነጽርህን እንዳታወልቅ!»

ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

ምስክሮችን የሚመዘግበው ጸሐፊ ቀረበና «ሐጂ፣ አዩ?» አለው።

«ዘንድሮ አየሁ» አለ አባቴ ከሌንሱ ሳይነሳ። «አምና ግን አላየሁም። ሰው ሁሉ አፍ አፌን ሲያየኝ ጊዜ ‹አየሁ› አልኩ።»

አምና ሌሎች ሁለት ሰዎች ስላዩ ጾሙ በቀኑ ነው የገባው። አባቴን ግን ውሸቱ ዓመቱን ሙሉ ሲበላው ኖሯል፤ እኔ ደግሞ የዓይኑ ነገር መስሎኝ ሌንስ ስመርጥ ከርሜአለሁ።

«አልወጣም ያልከው ለዚህ ነው?» አልኩት።

«ደግሜ እንዳልዋሽ ፈርቼ ነው ልጄ።»

መነጽሩን አስተካክሎ እንደገና ጎንበስ አለ። እስክትጠልቅ ድረስ ቀና አላለም።