ጀርባ የሌላት ካሜራ

አባቴ ደምመላሽ ብሎ ስም ሲያወጣልኝ የተገደለ ወንድሙን አስቦ ነው። ጀግና የወለደ መስሎታል። እኔ ግን ዶሮ ሲታረድ እንኳ ከግቢ ወጥቼ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ይህን ገመናዬን በምንኖርባት የሶማሌላንድ ከተማ ሐርጌሳ የምታውቀው ባለቤቴ ብርቅነሽ ብቻ ነበረች።

ሦስት ዓመት ሲሚንቶ ተሸክሜ ወገቤ እምቢ ሲለኝ፣ የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት አንድ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ዒሴ ጎንደር ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ሶማልኛ በብዙ ይሻላል። ደም አትፈራም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

"ዶክተር፣ ስሜን አላዩትም?" አልኳቸው። ሳቁና ፈረሙልኝ።

ወለል ላይ የፈሰሰ ደም ግድ አይሰጠኝም፤ ቀለም ነው ብዬ እወለውለዋለሁ። የማልችለው ከሰው ገላ ሲወጣ ማየት ነው። እኔ የምገባው ደግሞ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ስምንት ወር በሰላም ኖርኩ።

ጉዱን ያመጣችው ካሜራዋ ናት። አርባ ተማሪ በአንድ ሕመምተኛ ዙሪያ አይቆምም። ስለዚህ ዶክተር ዒሴ ብርቱካን የምታክል ካሜራ አስመጡ። ተማሪው ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ መነጽር አጥልቆ እሷ የቀረጸችውን ሲያይ፣ ከሐኪሙ ጎን የቆመ ያህል ነው አሉ። የመጀመሪያው ቀረጻ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ሕመምተኛዋም ፈቅደዋል። የካሜራዋ ምሰሶ እየተንሸራተተ ስላስቸገረ፣ የክፍሉን ልብስ ለብሼ እንድይዘው ታዘዝኩ።

ከካሜራዋ ኋላ ቆምኩ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ፎቶው ውስጥ እንደማይገባ ማን ያጣዋል? ቢላው አንገት ላይ ሲያርፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ግን ዘግይቻለሁ። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ልወድቅ መሆኔ ገባኝ። ብወድቅ የምወድቀው በአረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነው፣ እንዳይበከል መንካት የተከለከለው የመሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ምሰሶውን እንዳቀፍኩ ቀስ ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጭንቅላቴን በጉልበቶቼ መሃል ቀብሬ የማውቃቸውን መላእክት በየስማቸው ጠራሁ። ሲለቀኝ ተነሣሁ። ሐኪሞቹ ሥራቸው ላይ አቀርቅረው ስለነበር ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

በሳምንቱ የተማሪዎቹን ክፍል ልጠርግ ገባሁ። ሁሉም መነጽራቸውን አጥልቀው ፊት ለፊት ያያሉ። ድንገት አንዱ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሳቀ። ጎረቤቱም ዞረ። ወዲያው አብዛኛው ተማሪ ባዶ ግድግዳ እያየ ይስቅ ጀመር። ቀረጻውን ለተማሪዎቹ የሚከፍተውን መሀድን ምን አዩ ብዬ ጠየቅሁት። ይህች ካሜራ ዙሪያዋን በሙሉ ነው የምትቀርጸው፣ ጀርባ የላትም አለኝ። የሚያዩትም እኔን ነው።

ከሥራ እንደምባረር ገባኝ። ሲሚንቶው ታየኝ። ጅግጅጋ ያር የተባለው የሐርጌሳ ሰፈር ያለችው የኪራይ ቤታችን ደርሼ ለብርቅነሽ ስነግራት፣ ሰው ገመናውን ይሸፍናል፣ አንተ በፊልም አስቀረጽከው ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ ሳይጠሩህ ሄደህ እውነቱን ተናገር አለችኝ።

በማግስቱ ዶክተር ዒሴ ዘንድ ገብቼ፣ ዋሽቼ እንደተቀጠርኩ ተናዘዝኩ። እሳቸውም ወደ ተማሪዎቹ ይዘውኝ ሄዱ። መሀድን ያንኑ ቦታ ክፈት አሉት። ተማሪዎቹ እንደገና ዞረው እንደገና ሳቁ። ዶክተሩ በሶማልኛ ተናገሯቸው፤ ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ደገሙልኝ።

"ይህ ሰው ሊወድቅ መሆኑን አወቀ። አረንጓዴውን ጨርቅ አልነካም፤ ካሜራዋን አላነቃነቀም። ተቀመጠ፣ ተሻለው፣ ተነሣ። ከእናንተ ይህን የሚያደርገው ስንቱ ነው?"

ሳቁ ቆመ። ቀጥለው የስሜን ትርጉም ነገሯቸው፤ የአባቴን ትርጉም ግን አይደለም። በአማርኛ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው የደም ሥር ደም መልስ ይባላል፤ ደም ከጭንቅላታችሁ ሲሸሽ የሚመለሰው እንደዚህ በመቀመጥ ነው አሏቸው። እኔንም ሥራህን ቀጥል አሉኝ። ምሰሶውን ግን ሌላ ሰው ይይዛል።

በዚያ ቀን ዋርሳን የምትባል አንዲት ተማሪ ብቻ አልሳቀችም። ከወር በኋላ ኮሪደር ላይ ሮጣ ደረሰችብኝ። ደም ስታይ ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ ትምህርቱን ልትተው ነበር ለካ። ያን ዕለት ጠዋት ግን በእውነተኛ ቀዶ ሕክምና ላይ ጆሮዋ ጭው ሲል፣ "ደምመላሽ" ብላ ተናገረች። ሁሉም ገብቷቸው ቦታ ለቀቁላት። ቁጭ አለች፣ ተነሣች፣ እስከ መጨረሻው ቆመች። አሁን ተማሪው ሁሉ ሲያዞረው የሚጠራው ስሜን ነው አለችኝ። ደስታዬን የት ላድርገው?

አገር ቤት ለአባቴ ደወልኩለት። ያወጣህልኝ ስም በመጨረሻ ሥራ ጀመረ አልኩት።

"ታዲያ ደሙን መለስክ?" አለኝ።

"መለስኩ አባዬ፤ ያውም ማንም ሳይሞት።"