ለትንፋሽ የተተወችው ረድፍ

አክስቴ «አጥፍቻለሁ» አለች። ዳይሬክተሩ «አላጠፉም፤ ደብቀዋል» አሉ።

እሷ እንደምትለው፣ ያረጁትንና የጠፉትን መጻሕፍት ሁሉ ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ግርጌ ሰብስባ፣ ከላይ እስከ ታች መርጣ፣ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭናለች። እሳቸው እንደሚሉት ደግሞ የጠፋ ነገር አይታተምም። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ሲያትሙት ግን ፕሪንተሩ ከመጨረሻው መጽሐፍ በኋላ መስመር ብቻ የተሰመረበት ሠላሳ ስምንት ባዶ ገጽ ተፍቷል።

«ጽሑፉን ነጭ ቀለም ቀብተውት ነው» አሉ ወረቀቶቹን እያርገበገቡ። «በነጭ ላይ ነጭ! መጽሐፍ መሰረዝ አንጀታቸው እንደማይችል እኔ አጣሁት?»

ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። አክስቴ ምንም ነገር አትጥልም። መሳቢያዋን የከፈተ ሰው ከአውራ ጣት ያጠሩ እርሳሶች፣ ክዳን የሌላቸው እስክሪብቶዎችና እስክሪብቶ የሌላቸው ክዳኖች ያገኛል። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ካታሎጉን፣ ማለትም የመጻሕፍቱን ዝርዝር፣ መያዝ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሁሉም «እትዬ መስመር» ይላታል፤ መዝገቡ በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ገጹን በማስመሪያ ሳታሰምር አንድ ፊደል አታሰፍርም ነበርና።

እኔ የዚያው ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ሁለታችንንም ቢሯቸው አስጠሩን።

«አክስትህ ናቸው ብለህ እንዳታዳላ» አሉኝ ገና ከመግባቴ።

«አላዳላም፣ ጋሼ።»

«ማን አዳላ አለህ?» አለች አክስቴ። «ሕፃን ሳለህ አፍንጫህን ማን ይጠርግልህ እንደነበር ብቻ አስብ።»

«ይኸው ጀመሩ!» አሉ ዳይሬክተሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እትዬ፣ አንዲት ረድፍ እንኳ ተደብቃ ከተገኘች ካታሎጉን ለሌላ ሰው ያስረክባሉ። የደበቀ ሰው ቦርሳ መቀበያ ይቀመጣል። ቃሌ ቃል ነው።»

ቦርሳ መቀበያው በሩ ሥር ነው። ቦርሳ ይቀበሏል፣ ቁጥር ይሰጧል፤ ቁጥር ይቀበሏል፣ ቦርሳ ይሰጧል። አንድን መጽሐፍ ከጀርባው ቀለም ብቻ ለይታ መደርደሪያውን ለምትናገር ሴት ይህ ከጡረታም የከፋ ነው። አክስቴ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውል ጀመር።

የዝርዝሩን ፋይል በዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ፣ ጠቋሚውን በሥራ ላይ ወዳለው የመጨረሻ ሳጥን የሚወረውሩትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ። ረድፍ 4206 ላይ ሄዶ አረፈ። የመጨረሻው መጽሐፍ ያለው ግን 2314 ላይ ነው።

«ይኸው!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ቆይ ጋሼ። ጠቋሚው የሚፈልገው ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ እጅ የነካውን ሁሉ ነው። አክስቴ እስከ 4206 ድረስ መስመር አስምራለች። የማጥፊያው ቁልፍ ጽሑፉን ይጠርጋል እንጂ መስመሩን አይነካም። ተከራይ ዕቃውን አውጥቶ ሲሄድ ምስማሩ ግድግዳው ላይ ይቀር የለ? ኮምፒውተሩም ምስማሩን አይቶ ‹ቤቱ ሰው አለበት› ይላል።»

«ታዲያ መስመር ሳይሰመር ይጻፋል እንዴ?» አለች አክስቴ፣ ነገሩ ገርሟት።

«መድኃኒቱስ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ረድፎቹን ራሳቸውን ሰርዞ ፋይሉን ሴቭ ማድረግ ነው።»

2315ን ልመርጥ ስል አክስቴ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ከ2316 ጀምር።»

«ለምን?»

«አንዲት ረድፍ ተዋት።»

«ለምን?»

«ለትንፋሽ።»

«ካታሎግ ደግሞ ይተነፍሳል?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ሃያ ስድስት ዓመት አብረውት ቢቀመጡ ይሰሙት ነበር።»

አንዲት ረድፍ ምን ትጎዳለች ብዬ ከ2316 እስከ 4206 ያሉትን መርጬ ሰረዝኩ፤ ሴቭ አደረግኩ። በማያ ገጹ ዳር እንደ ምስር ፍሬ አንሳ የነበረችው መንሸራተቻ ወዲያው ረዘመች። ሁለቱን ቁልፎች እንደገና ተጫንኩ። ጠቋሚው 2315 ላይ ቆመ።

«2314 መሆን የለበትም?» አሉ ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው።

«መስመሩ ስላለ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ከሠንጠረዡ በላይ ወዳለው ማሳያ ሄደ። እዚያ ጽሑፍ በምንም ቀለም ቢጻፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጠቋሚው የቆመው ‹መገኛ› በሚለው በመጨረሻው ዓምድ ነበር፤ ማሳያው ላይ «የፕሪንተሩ ጠረጴዛ እግር ሥር» ይላል። ወደ ግራ ተመለስኩ። የመጽሐፉ ርዕስ፦ «የቤት ውስጥ አናጺነት»።

«ነጭ ቀለም!» ብለው ጮኹ ዳይሬክተሩ። «አላልኩም?»

«አንድ ናት» አለች አክስቴ። «የቀሩትን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና አንዱን በእጄ አጥፍቻለሁ። የጠፉትን ይሰርዙ አሉኝ፤ ሰረዝኩ። ይኼኛው አልጠፋም። የት እንዳለ እያወቅኩ ጠፋ ብዬ ልሰርዘው? በግልጽ ልተወው ብል ደግሞ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል።»

ዳይሬክተሩ «መገኛ»ውን እንደገና አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩና ከቢሯቸው ጥግ ከቆመው የፕሪንተር ጠረጴዛ ሥር አዩ። ከአጭሩ እግር በታች አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተጋድሟል።

«የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ጠረጴዛውን ልጠግንበት ብለው ነው የወሰዱት» አለች አክስቴ መሬት መሬት እያየች። «አልዋሹም። ጠግነውበታል።»

ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን ሲስቡት ጠረጴዛው አዘመመ፤ ሮጬ ፕሪንተሩን አቀፍኩት። እሳቸው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ገለጥ አደረጉ፤ የዓይናቸው ጥግ ተሸበሸበ።

«‹ምዕራፍ ሦስት፤ ያጠረ እግር ስለማስተካከል›» ብለው አነበቡ።

አክስቴ ከኪሷ የካታሎጉን ክፍል ቁልፍና አሮጌ ማስመሪያዋን አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«አንዲት ረድፍ ተገኝታለች» አለች። «ቃልዎ ቃል ነው ብለዋል።»

ዳይሬክተሩ ማስመሪያውን አዩት፤ መጽሐፉን አዩት፤ ፕሪንተሩን እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፌ የቆምኩትን እኔንም አዩኝ። ቁልፉንና ማስመሪያውን አንስተው መልሰው አክስቴ እጅ ላይ አደረጉ።

«ቃሌማ ቃል ነው» አሉ። «እርስዎ የደበቁት ረድፍ ነው፤ እኔ ግን መጽሐፉን። ካታሎጉ እርስዎ ጋ ይቆያል። አንተ፣ ያቺን ረድፍ ጥቁር አድርጋት፣ ሰው ያንብባት። ከነገ ጀምሮ እስከ ዓርብ ቦርሳ መቀበያ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»