ተረከዙ ቀይ ካልሲ

ሦስት ጊዜ ማምለጥ አይቻልም። ልብስ ተኳሿ የመጀመሪያውን ተራ ጉንፋን ይዞኛል ብላ አመለጠች። ሁለተኛውን ቤቴን ቀለም እያስቀባሁ ነው አለች። ያ ቤት ቀለም የሚባል ነገር ካየ ዘመን አልፎታል፤ አፏ ላይ የመጣላት ግን እሱ ነው። በሦስተኛው ዳቦ ሻጯ ደረጃው ላይ ያዘቻትና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጸሎት ነው እንጂ ድግስ አልጠየቅንሽም! ቅዳሜ በአስር ሰዓት እንመጣለን። ወንበር ካነሰሽ መሬት እንቀመጣለን» ብላት ወረደች። ምን ትበል? እሺ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለቁስለኞች ተሰጠ። በየሳምንቱ እዚያ ተሰብስበው ስለ ሰላም ይጸልዩ የነበሩት የመኖሪያ ሕንፃው እናቶችም ጸሎታቸውን በየቤቱ፣ በየተራ ያደርጉ ጀመር። ከመካከላቸው ልጅ ያልዘመተባት የለችም። የምትመራቸው አዋላጇ ናት። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፣ ግን የሕንፃውን ግማሽ ልጅ የተቀበለችው በነዚያ እጆቿ ስለሆነ፣ ሲወለዱ ባወጣችላቸው ስም ነው እስከ ዛሬ የምትጠራቸው፤ በእግዚአብሔር ፊትም ሳይቀር። የልብስ ተኳሿ ልጅ ሎጋው ነው። ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖረው የሹራብ ሠሪዋ ልጅ ደግሞ ጭምቱ። ሁለቱ አብረው አደጉ፣ አብረው ተማሩ፣ በአንድ ቀን በአንድ መኪና ተጭነው ሄዱ።

ሎጋው ይኸው አርባ አንድ ቀኑ፣ እናቱ ቤት ከቁምሳጥኑ ጀርባ ተቀምጧል።

ከቁምሳጥኑ ጀርባ አንዲት ጓዳ አለች። ድሮ ባልዲና መጥረጊያ ነበር የሚቀመጥባት። መስኮት የላትም፤ እንደ ሎጋው ያለ ቁመተ ረጅም እግሩን ዘርግቶ አይተኛባትም። ልጁ ከግንባር ጠፍቶ አሥራ ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ ሲመጣ እናቱ ሌላ የምትደብቅበት ቦታ አልነበራትም። የከዳ ወታደር የሸሸገ ቤት ምን እንደሚደርስበት ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጎን ካለው ሕንፃ አባትና ልጅ አንድ ላይ ተወስደው እስከ ዛሬ ድምፃቸው አልተሰማም። የሕንፃው ዘበኛ ደግሞ ደብተር አለው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከወትሮው የበለጠ ገዛ፣ ሁሉን ይጽፋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ዳቦ ገዝታ ለሁለት ትቆርሳለች፤ ከልጇም ጋር የምታወራው ቧንቧ ከፍታ ነው። ጎረቤት ኮሽታ ሰማን ሲላት፣ «አይጥ ነው! ይኸ አይጥ ፈጀኝ እኮ» ትላለች። ዳቦ ሻጯ አዝናላት ወጥመድ ሰጥታታለች።

ይኸ ሁሉ አንድ ነገር ነው። የባሰው ሌላ ነው፤ ጭምቱ ሞቷል። ሎጋው በእጁ ቀብሮት ነው የመጣው፤ ለእናቱ በደረሰ በመጀመሪያው ቀን ነግሯታል። እሷ ግን በየሳምንቱ ከሹራብ ሠሪዋ ጎን ተቀምጣ፣ አዋላጇ «ጭምቱን ጠብቅልን» ስትል፣ «አሜን» ትላለች። ብትናገር የሚከተለውን ጥያቄ ታውቀዋለች። «ማን ነገረሽ?» ይሏታል። ለዚህች ጥያቄ መልስ የላትም፤ መልሱ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነዋ ያለው።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምራ ቤቱን በረበረችው። መላጫውን ደበቀች፣ ሁለተኛውን ኩባያ አነሳች፣ ጫማውን በከረጢት አስራ እሱ ዘንድ ወረወረች።

«እማዬ፣ ሳል ቢመጣብኝስ?» አላት በሹክሹክታ።

«ትራሱን ንከሰው። ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሞቻለሁ በል።»

ይኸን ብላ ደነገጠች፤ አፏን በእጇ መታች። ከዚያ ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው ገፋችው።

አምስቱ ሴቶች መጡ። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ዳቦ ሻጯ እንደገባች ግድግዳውን ዳሰሰችና፣ «ቀለም ያልሽው ይኸ ነው? ቀቢው ገንዘብሽን በልቶ ሄዷላ!» አለችና አሳቀቻቸው። ሹራብ ሠሪዋ ገብታ፣ እንደ ልማዷ ዝም ብላ፣ በሩ ትይዩ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ አዋላጇ ደረጃውን እያቃሰተች ደረሰች። ልብስ ተኳሿ እሷን ደግፋ አስገብታ፣ በሩን ዘጋች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በሩ ተከፍቶ ሳለ የሸፈነው አንድ ምስማር አለ። በሩ ሲዘጋ ምስማሩ ወጣ። ምስማሩ ላይ ደግሞ፣ ጠዋት ራሷ አጥባ የሰቀለችው አንድ ጥንድ ካልሲ ተንጠልጥሏል፤ ግራጫ፣ ተረከዙ ቀይ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ አንድ ቁልፍ ጠፍቶባት የማታውቅ ሴት፣ የገዛ ቤቷን ካልሲ ረሳች። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበረ አላየችውም።

አዋላጇ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። በግራ ገጽ የዘመቱት፣ በቀኝ ገጽ ያረፉት ተጽፈዋል። መነጽሯን አደረገችና ጀመረች።

«አምላካችን ሆይ፣ የመጣነው ልንለምንህ ነው፤ ሌላ አቅም የለንም። ቤቱ የፈረሰበትን አስጠልል። የቆሰለውን ዳስስ። ለተማረከው የማረኩትን ልብ አራራለት። እንጀራውን ጥሎ የተሰደደውን አትርሳ። ከወዲያ ማዶ ያሉትንም ልጆች፣ እናት አላቸውና፣ አስብልን።»

«አሜን» አሉ። ዳቦ ሻጯ ለወዲያ ማዶዎቹ አሜን ማለት ሁልጊዜ ስለሚተናነቃት አሳለች።

«የጠመንጃውን አፍ ዝጋ፤ የሚያዙትን ልብ ክፈት። ልጆቻችንን በየስማቸው...»

«ይኸ ከየት መጣ?»

ሹራብ ሠሪዋ ናት። ጸሎት አቋርጣ የማታውቅ ሴት፣ ቆማለች። ምስማሩ ዘንድ ሄዳ ካልሲውን አወረደችው፤ ተረከዙን በአውራ ጣቷ አሸችው።

«የእኔ እጅ ነው። ግራጫው ክር አልቆብኝ ተረከዙን በቀይ የጨረስኩት። እንዲህ ያለ ሌላ የለም። የጭምቱ ነው።» ዞረች። «እህቴ፣ የልጄ ካልሲ አንቺ ቤት ምን ይሠራል?»

ልብስ ተኳሿ ካልሲውን ገና አሁን ማየቷ ነው። ሁሉም ያዩዋታል። ከቁምሳጥኑ ወዲያ ልጇ ትንፋሹን ውጦ እንደሚሰማ ታውቃለች። አንድ ነገር ማለት አለባት፤ አሁን።

«ሎጋው... ሎጋው ነው የላከው» አለች። «በአንድ ሹፌር። ጭምቱ፣ ደህና ነኝ በላት፣ ምልክት ይሁናት ብሎ ሰጥቶት ነው። ቆሽሾ ስለነበር አጥቤ ልሰጥሽ ብዬ...»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምነው ከሦስት ወር በፊት ባለች! ሹራብ ሠሪዋ ካልሲውን ደረቷ ላይ ለጥፋ እዚያው ተንበረከከች። «ባለፈው ሳምንት በሕይወት አለ! ሰማችሁ? ልጄ አለ!» ዳቦ ሻጯ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ እያለቀሱ ተቃቀፉ። ስታወራ እንኳ ድምፅ የማይወጣት ሴት ሳቀች፤ በጉልበቷ እየዳኸች መጥታ የልብስ ተኳሿን እጅ ሳመች። የተቃጠለውን፣ በካውያ የጠቆረውን እጅ፣ ከላይም ከታችም። «ስምንት ወር ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ! እግዜር የልጅሽን ዓይን ያሳይሽ፤ እኔን እንዳሳየሽኝ!»

ልብስ ተኳሿ እጇን መንጠቅ ፈለገች፤ አልቻለችም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይኸኛው ገና ከአፏ ሳይርቅ ነው የከበዳት።

«በይ እንግዲህ» አለች አዋላጇ እንባዋን እየጠረገች፣ «ምሥጋናውን የቤቱ ባለቤት ታድርስ። ደንቡ ነው።»

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ልብስ ተኳሿ ዓይኗን ጨፈነች።

«አምላኬ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ...» አለች። «ጭምቱን... ጭምቱን ስለ...»

አልወጣም። ለሰው ዋሽታለች፤ ለዘበኛው ዋሽታለች፤ ሲያስፈልግ ነገም ትዋሻለች፣ ወልዳለችና። ይኸን ግን ለማን ነው የምትለው? ለሚያውቀው? ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ የወንድ ልጅ ሲቃ ተሰማ። ትራሱን ነክሶታል፤ ግን ተሰማ።

ማንም ቀና አላለም።  ከዚያ ዳቦ ሻጯ፣ ያቺ ለፍላፊዋ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ቀስ ብላ፣ «አይጥ ነው» አለች።

«አዎ፣ አይጥ ነው» አለች አዋላጇ። «ቀጥይ፣ ልጄ።»

ገባቸው። አምስቱም ገብቷቸዋል፤ አምስቱም አልሰማንም እያሏት ነው። ማምለጫው ይኸው ተከፈተላት። አንዲት «አሜን» ብላ ብትጨርስ ካልሲያቸውንም ወሬያቸውንም ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ልጇ ይተርፋል። ዓይኗን ስትገልጥ ግን ሹራብ ሠሪዋን አየች። እሷ ብቻ ቀና ብላ ታያታለች። «አይጥ ነው በይኝ» የሚል ፊት ነው። አይጥ ከሆነ ጭምቱ አለ። ይህች ሴት እስክትሞት ድረስ መስኮት ላይ ቆማ ልትጠብቀው ነው።

ልብስ ተኳሿ ተነሥታ ቁምሳጥኑን በትከሻዋ ገፋችው።

«እማዬ፣ አይሆንም!» አለ ከውስጥ።

«ና ውጣ» አለችው። «ና ንገራት። እኔ አልቻልኩም።»

ወጣ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው፤ ጀርባው አልቀና ብሎት ጎብጦ ቆመ። በባዶ እግሩ ነው። ሹራብ ሠሪዋ እግሩን አየች፣ በእጇ ያለውን ካልሲ አየች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት» አላት። «ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር። ብቻውን አይደለም የሞተው፤ ይዤው ነበር። ካልሲውን ገፍፌ እንዳይመስልዎት። እግሬ አብጦ አላስኬድ ሲለኝ፣ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት አውልቆ ሰጠኝ። እምቢ ስለው፣ 'አድርገው ባክህ፤ እናቴ ሌላ ትሠራልኛለች' አለኝ።»

ጩኸቷ ደረጃውን ሁሉ ሞላው።

ወዲያው ከታች የቡት ጫማ ድምፅ መጣ። ዘበኛው ነው፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ። ዳቦ ሻጯ ልጁን አንገቱን ይዛ ወደ ጓዳዋ ወረወረችው፤ ከልብስ ተኳሿ ጋር ሆነው ቁምሳጥኑን መለሱ። በሩ ተደበደበ። ልብስ ተኳሿ ገና ከቁምሳጥኑ እጇን አላነሣችም። ሹራብ ሠሪዋ ከወለሉ ተነሣች፣ ፊቷን በካልሲው ጠረገች፣ ሄዳ ከፈተች። ልብስ ተኳሿ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር እንዳበቃለት ቆጠረች።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለ ዘበኛው፣ በእሷ ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ እያየ። ደብተሩ በእጁ ነው። «መርዶ መጣ እንዴ?»

ሹራብ ሠሪዋ የእጁን ደብተር አየች።  ከዚያ፣ «አይጥ ነው» አለችው። «እግሬ ላይ ወጣብኝ።»

«ለአይጥ እንዲህ ይለቀሳል?»

«ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።»

ሳቀባት። «እናንተ ሴቶች! እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ» ብሎ፣ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጭሮ፣ ወረደ። እሷ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈች፤ ካልሲውን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ድምፅ የለም። ልብስ ተኳሿ ልታቅፋት ፈለገች፤ ፈራቻት።

ብዙ ቆይቶ አዋላጇ እርሳሷን አወጣች። የጭምቱን ስም ከግራው ገጽ ሰርዛ በቀኙ ልትጽፍ ነው።

«አይሆንም፣ እማማ» አለች ሹራብ ሠሪዋ፣ ካልሲውን ከአፏ አውጥታ። «እዚያው ይቆይ።»

«ልጄ፣ ለሞተ ሰው ጠብቀው ብዬ እንዴት እለምናለሁ?»

«ስሙ ከወጣ ማን ነገረሽ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?» ወደ ቁምሳጥኑ አላየችም። «እግዚአብሔርማ ያውቀዋል። ማወቅ የሌለበት ዘበኛው ነው።»

አዋላጇ እርሳሷን መለሰች። መነጽሯን አስተካከለችና ካቆመችበት ቀጠለች።

«ሎጋውን ጠብቅልን።»

«አሜን» አሉ።

«ጭምቱን... ጠብቅልን።»

የማንም አፍ አልከፈት አለ።  ያን ጊዜ ሹራብ ሠሪዋ ካልሲውን በጡጫዋ ጨብጣ፣ ከታች ደረጃው ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ ብቻዋን «አሜን» አለች።